የአያ ማንያዘዋል መርዶ

አጎቴ ማንያዘዋል መሞቱን ያልሰማ ሰው እሱ ራሱ ብቻ ነበር።

እኔ የሰማሁት በተዝካሩ ዕለት ነው። ቀሐ፣ ወንዙ አጠገብ ከምንከራየው ቤት ፊት ዳስ ተጥሏል። ካህናቱ ከላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቱ ከታች፤ የእኔ ቢጤዎቹ ከአጥሩ ውጭ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የወጡ ሽታ አዲስ ከተቆረጠው ባሕር ዛፍ ሽታ ጋር ተደባልቆ ዳሱን ሞልቶታል። ከወለቃ የመጣችው ሸክላ ሠሪ አዛለች አጠገብ ተወሽቄ፣

«የማን ተዝካር ነው?» አልኳት።

«ያጎትህ ነዋ! የማንያዘዋል» አለችኝና ጠላዋን ጨለጠች።

አጎቴ በዚያው ሰዓት ከፊታችን ቆሞ ጠላ ይቀዳ ነበር። ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጁ፣ ባዶ ጣሳ በሌላው እጁ ይዞ፣ አንዱ ጋ ሳይጨርስ ወደሌላው ይቸኩላል። ሰዎቹ ጣሳቸውን ሲመልሱለት ዓይን ዓይኑን እያዩ «ነፍስ ይማር» ይሉታል። እሱም «አሜን፣ አሜን» እያለ ያልፋል።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ስለ ተዝካር የማውቀው ከአባቴ ሞት ነው። አባቴ በመተማ መንገድ የጭነት ማኪና ይነዳ ነበር፤ ማኪናው ገደል የገባ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሲሰማ እናቴ አልሰማችም። ጎረቤቶቻችን ለቀናት ዓይናችንን አያዩም ነበር፤ ዳቦ ቤት ስንሄድ ወሬ ያቋርጣሉ። ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና «ሽታዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሏት። እሷም ገና ሳትቀመጥ «ማን ሞተ?» አለች። በዚያ ማለዳ አንድ ሥርዓት ተማርኩ፤ መርዶ ለቅርብ ሰው የሚነገረው ከሁሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ የአጎቴ ነገር ብዙም አልገረመኝም። ለማንያዘዋል ከራሱ ከማንያዘዋል የሚቀርበው ማን አለ? በመጨረሻ ሊነገረው ነው። ሰው ሁሉ እስከዚያው ደብቆ ይዞታል፤ ሽማግሌዎቹም አንድ ማለዳ ይመጣሉ።

ሰው በቁሙ ተዝካሩን ማውጣት እንደሚችል ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ልጅ የሌለው ሰው፣ ወይም ዘመዶቼ ይረሱኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ ጸሎቱንም ግብዣውንም በሕይወት ሳለ ያስፈጽማል። አጎቴ ልጅ አልነበረውም። ሚስቱ በዚሁ ምክንያት ጥላው ደባርቅ፣ ወላጆቿ ጋ ተመልሳለች። እሱ ደግሞ በጠዳ መስመር ሊሄድ ነበር።

ይህ መስመር ከምድር ወደ ሌሎች ከዋክብት ከሚሄዱት የንግድ መስመሮች ሁሉ ትንሹ ነው። ትልልቆቹ መንኮራኩሮች የሚነሱት ከሌላ አገር ነው፤ የእኛን ሰፈር ከነመኖሩም አያውቁት። ጠዳ ላይ፣ ከሽምብራ ማሳዎቹ ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ከስንት ዓመት አንዴ አንዲት አሮጌ መንኮራኩር ትወርዳለች። የአገሬው ሰው «ማኪናዋ» ነው የሚላት። የምትጭነውም ሸክላ ነው። በዚያኛው ጫፍ፣ በሌላ ፀሐይ ዙሪያ፣ በቅድመ አያቶቻችን ጊዜ ከዚህ የሄዱ ሰዎች አሉ፤ ቦታውን አዲስ ደንቢያ ብለውታል። በረዶ አቅልጠው የሚጠጡት ውሃ በብረት ማጠራቀሚያ ስለሚቀመጥ ብረት ብረት ይላቸዋል። ስለዚህ የወለቃ ጋንና እንስራ ያዝዛሉ። ትእዛዛቸው እዚህ እስኪደርስ ሃያ ምናምን ዓመት ይፈጃል፤ ሸክላው እዚያ እስኪደርስም እንደዚያው። በዚያ ዓመት አዛለች ስትጠፈጥፈው የነበረውን ጋን ያዘዙት እናቴ ገና ስትዳር ነው።

በማኪናዋ ውስጥ ላለ ሰው ግን ያ ሁሉ ዘመን ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ዛሬ አዘዞ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ አስረዳለሁ። ስሌቱ ይገባቸዋል። ደወል ሲደወል ደብተራቸውን አጥፈው ይወጣሉ፤ እኔ ሰሌዳውን ሳላጠፋ ትንሽ እቆያለሁ።

በተዝካሩ ቀን ይህን አላውቅም። ያየሁት እናቴን ነው። ሽታዬ የአጎቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ነች። በዚያን ቀን አንድ ቦታ አልረጋ አለች። የተጠረገ ወለል ትጠርጋለች፤ ጓዳ ገብታ ምንም ሳትይዝ ትወጣለች፤ የተደረደረ ሰሃን አንስታ እንደገና ትደረድራለች። አጎቴ እንጀራና ወጥ አድርጎ ጓዳ ድረስ ወሰደላት።

«እታለም፣ ቅመሺ እንጂ።»

«ጾም ላይ ነኝ።»

«ዛሬ ምን ጾም አለ?»

«የራሴ ጾም!»

የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደኢየሱስ ከዳሱ ሆነው ሰምተው ኖሮ «ሽታዬ፣ የተባረከ እህል አይመለስም» አሏት።

«መምሬ፣ ቡራኬውን ይስጡኝ፤ ተቀብያለሁ። እህሉን ግን አልበላም።»

ሰዎቹ ሳቅ አሉ። አጎቴ ሰሃኑን እንደያዘ ቀረ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

«ተዝካር የሚያወጣልህ ሰው አጣህ? እኔ ምንህ ነኝ?»

«እህቴ ነሽ።»

«ይኼ ልጅስ? አባቱ ተሞተ ወዲያ በጀርባህ አዝለህ ያሳደግኸው የማነው? ለሰው ሁሉ ልጅ የለኝም ስትል ምላስህን አያደናቅፍህም?»

«ስሚኝ፣ እታለም። እኔ እዚያ ስሞት አንቺ እዚህ የለሽም። ቀድመሽኝ ሞተሻል። ጌቾም ሸብቷል። ማን ቀርቶ ነው የሚዘክረኝ?»

«ትመለሳለሃ!»

ሰሃኑን አስቀምጦላት ወደ ዳሱ ተመለሰ። እኔ ጌቾ ፀጉሬን ዳበስኩ። ቀስ ብዬም ሄጄ የእናቴን ቀሚስ ጫፍ ያዝኩ፤ እሷም ሞታለች መባሉን ስለሰማሁ ሙቀቷን ለማየት ነበር። «ምነው አንተ ደግሞ፣ እግር እግሬን አትበል!» ብላ ገፋችኝ። በእጇ ሙቀት ተጽናናሁ።

ከሰዓት በኋላ አምሐ መጣ። አምሐ የመስመሩ ወኪል ነው፤ ክረምት ከበጋ የማትለየው ጥቁር ቦርሳ ነበረችው። በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ አጎቴን ወደ አጥሩ ሳብ አደረገው።

«ደርሶ መልስ ላድርግልህ ወይስ አንድ ጉዞ?»

«አንድ ጉዞ ይበቃኛል።»

«አስብበት። ማኪናዋ እዚያ ጭነቷን አራግፋ አንዴ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ መስመሩ ይዘጋል፤ አያዋጣም ብለዋል። እዚያ ስትደርስም ሐሳብህን መቀየር ትችላለህ። እሷ ካመለጠችህ ግን ሌላ የለም።»

«ገብቶኛል አምሐ።»

«እህትህ ግን...»

«ገብቶኛል አልኩህ!»

አጎቴም እናቴም ልክ ነበሩ ብዬ አስባለሁ፣ አሁን ሳየው። አጎቴ በዕድሜው ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ሸክላ በጭድ ማሸግ። መስመሩ ሲዘጋ ሥራውም ይዘጋል። ቤቱ ባዶ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ አያርፍም፤ ተቀምጦ እንኳ ጉልበቱ ይርገበገባል። ለሚሄድ ሰው ሁሉን ቆርጦ መሄድ ይቀላል፤ ተዝካሩን በልቶ አብልቶ ጨረሰ። እናቴም ልክ ነበረች፤ ለቀረ ሰው እንዲህ ያለው ነገር አይጨረስም።

በማግስቱ እናቴን ከበረንዳው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወንበር ላይ ቆማ አገኘኋት። ያልበላችውን እንጀራ ቆራርሳ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ጣሪያው ላይ ታሰጣለች።

«ለእኔ ቢጤዎቹ ምነው አልሰጠሽም?»

«ዝም በል። ወፎቹን ጠብቅልኝ።»

ድርቆሹ ኩርምት እስኪል ድረስ ወፍ ጠበቅሁ። ከዚያ በትንሽ ገንቦ ውስጥ ጨመረችው። አፉን በጨርቅ ሸፍና፣ በጨርቁ ላይ ጭቃ ለጥፋ፣ ጭቃውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አስተካከለችው። ፊቷ ቁጡ ነበር። የሟችን ምግብ አልበላም ብላ አድርቃ ልትመልስለት ነው አልኩ፤ እንዴት ብትጠላው ነው! ሳይነግራት ስለሞተ ተቀይማዋለች ብዬም አሰብኩ። አባቴንም በዚህ ስትወቅሰው ሰምቻለሁ፤ «አንድ ቃል ሳትተነፍስልኝ» እያለች።

ሽማግሌዎቹ ግን አልመጡም። በየማለዳው ተነስቼ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ መንገዱን አያለሁ። ወተት ሻጩ ያልፋል፤ ተማሪዎች ያልፋሉ፤ መምሬ ወልደኢየሱስ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ቀሐ ኢየሱስ ያልፋሉ፤ ወደ እኛ ግን ማንም አይታጠፍም። አጎቴ እንደ ደህና ሰው ይበላል፤ ይላጫል፤ ከእኔ ጋር ይላፋል። ቁርሴ አልበላ አለኝ። ሳይነገረው ሊሄድ ነው። ባዕድ አገር፣ አንድ ዘመድ በሌለበት፣ የማያውቀው ሰው ድንገት መንገድ ላይ ያረዳዋል። ማን ይደግፈዋል? ማን ውሃ ይሰጠዋል?

ማኪናዋ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ሁላችንም በሚኒባስ ጠዳ ወረድን። መጋዘኑ ሰፊ ነው፤ ጭድ እስከ ጉልበት ሞልቶታል። አቧራው በቀዳዳ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ ይጨፍራል፤ አፍንጫ ይበላል። አዛለችና ሌሎች የወለቃ ሴቶች ጋኖቹን ያቀብላሉ፤ አጎቴ እያንዳንዱን በጣቱ ኳ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ በጭድ ይቀብረዋል። በበሩ በኩል ማኪናዋ ትታያለች፤ ከሥር ጠቁራለች፣ ጎኗ ተላልጦ ዝጎ እንደ ጠዳ ወፍጮ ቤት ጣሪያ ሆኗል። እንዲህ ያለች ነገር ሩቅ ትሄዳለች ብዬ አላመንኩም።

እናቴ ውጭ ከአምሐ ጋር ስትሟገት ጊዜ አገኘሁ። ሱሪዬን ከፍ አድርጌ ጭዱን እየረገጥኩ ወደ አጎቴ ሄድኩ። ነጠላ ስላልነበረኝ ሹራቤን ትከሻዬ ላይ አጣፋሁ።

«አያ፣ እስቲ ቁጭ በል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«አንተ።»

በእጁ የያዘው እንስራ ነበር። ቀስ አድርጎ ጭዱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ፣ ጭድ እስኪያስነጥሰው ድረስ ሳቀ።

«ምን አለህ?» አለች አዛለች ከዳር።

«ሞተሃል አለኝ!»

«እሰይ! ደግሞ የሸጋ ልጅ ወሬ!»

«ማን ነገረህ፣ ጌቾ?» አለኝ እንባውን እየጠረገ።

«ሁሉም ያውቃል። ተዝካርህን በልተናል። ላንተ ብቻ ነው ያልተነገረህ። ባዕድ ሳይነግርህ ብዬ ነው።»

ሳቁ እዚያው ቆመ። ከዚያ በፊት አይቼ የማላውቀውን አየሁ፤ ማንያዘዋል ጭዱ ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱም አልተርገበገበም። 

«አለቀስህልኝ?»

«ገና ነው። ሳይነገር አይለቀስማ።»

«አሁንስ?»

ደረቴን በሁለት እጄ ይዤ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ ሴቶቹ ሲያደርጉ እንዳየሁት፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። መጀመሪያ ለሥርዓቱ ነበር፤ ከጀመርኩ በኋላ ግን ማቆም አቃተኝ። አጎቴ እንደ ቀድሞው ጀርባው ላይ አዘለኝ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምነው፣ ልጁን ምን አረግኸው?» አለች እናቴ እየሮጠች ገብታ።

«እሱ ነው ያረገኝ። መርዶ ነገረኝ።»

እናቴ ሁለታችንንም አየች። አልሳቀችም። ያን ገንቦ ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ዘረጋችለት።

«ምንድን ነው? በርበሬ?»

«ውስጡ ያለው...» ብዬ ስጀምር እግሬን ቆነጠጠችኝ።

«ስትደርስ ታየዋለህ። መንገድ ላይ ከከፈትኸው እህት የለህም። እንደወረድህ፣ ማኪናዋ ሳትመለስ ክፈተው። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ማልልኝ።»

«ሽታዬ ትሙት!»

«እኔን አትግደለኝ፤ በሌላ ማል።»

«በጌቾ!»

ከዚያ ተሳሳሙ፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ደጋግመው። አጎቴ ገንቦውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ማኪናዋ ሲሄድ እናቴ አለማልቀሷ ገርሞኝ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ጠራችው፤ እሱም ዞረ።

«ቶሎ ና!» አለችው፣ ወፍጮ ቤት እንደምትልከው ሰው። «እንዳታመሽ!»

ማኪናዋ ስትነሳ የሽምብራው ማሳ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ተኛ። የጠዳ ውሾች አበዱ። አቧራው ሲሰክን ሜዳው ባዶ ነበር።

በሚኒባሱ ስንመለስ እናቴ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እኔ ሌላ ጭንቀት ይዞኝ ነበር። እንዳታመሽ አለችው! እንግዲህ እሷም መሞቷ ገና አልተነገራትም። ለአጎቴ ያለኝ አቅም ለእሷ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች እስኪመጡ ጠበቅሁ። ለዓመታት፣ ማለዳ አጥራችን ሲንኳኳ ከእሷ ቀድሜ ለመክፈት እሮጥ ነበር።

የገንቦውን ነገር የነገረችኝ ኮሌጅ ጨርሼ የመጣሁ ጊዜ ነው። አዋቂ ሆኛለሁና ሰዓት ለእሷና ለአጎቴ እኩል እንደማይሄድ በወረቀት ሥዬ ላስረዳት ተቀመጥኩ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እሱን አውቃለሁ» አለች። «ምን ሆኜ ነው እንጀራ ሳደርቅ የከረምኩት?»

«ጠልተሽው መስሎኝ ነበር።»

«ወይ አንተ! ሰው ሁሉ ተዝካሩን ከበላለት ምን ሊመልሰው? ማን አለኝ ብሎ ይመጣል? እኔ ድርሻዬን መለስኩለት። ያልበላሁልህ አለሁ አልኩት።»

«በአፍሽ ምነው አልነገርሽውም?»

«ይሟገተኛላ! ድርቆሽ አይሟገቱት።»

ይኸው ዓመቱ ደረሰ። በስሌቴ ማኪናዋ አዲስ ደንቢያ የምትወርደው በዚህ ወር ወይም በሚቀጥለው ነው። ብትመለስ ሌላ ሃያ ምናምን ዓመት ነው፤ ከመጣ አጎቴ ከእኔ አሥራ ምናምን ዓመት የሚያንስ ጎልማሳ ሆኖ ይወርዳል። እናቴ የልብ ታማሚ ናት፤ ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ ብሏታል። እሷ ግን ከመስቀል ወዲህ ቤት አይይዛትም። የተጠረገ ወለል ትጠርጋለች። ስልክ ትደውልልኛለች፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ።

«ወርዷል?»

«ሊሆን ይችላል፣ እማዬ።»

«ከፍቶታል?»

«እንዴት አውቃለሁ?»

«ታዲያ ምን ተማርህ!» ብላ ትዘጋዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዳ ውሰደኝ አለች። ሴት ልጄን ሚስጥርንም ይዘን ሄድን፤ አራት ዓመቷ ነው። መጋዘኑ የገብስ ጎተራ ሆኗል። ሜዳው ላይ ከብት ይግጣል። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ እዚህ ነው፣ የለም እዚያ ነው ትላለች። በመጨረሻ አንድ ቦታ መርጣ ቆመች። እኔ ጠጋ ስል በምርኩዟ መለሰችኝ።

«አንተ ቆይ። በልተሃል፤ ያውም ሁለት ጊዜ አስጨምረህ። ይህቺ ናት ያልበላች።»

የልጄን እጅ ይዛ ወደ ባዶው ሜዳ አዞረቻት። ንፋስ ነበር፤ የሁለቱንም ነጠላ ያርገበግበዋል። ምናልባት በዚያች ደቂቃ ማንያዘዋል የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ እየፈለፈለ ነው። ምናልባትም ጨርቁን አንስቶ ወደ ውስጥ እያየ ነው፣ በርበሬ ፍለጋ።

«በሩ በዚህ በኩል ነው የሚከፈት» አለቻት እናቴ። «ረዥም ሰው ነው፤ እግሩ አያርፍም፣ በዚያ ታውቂዋለሽ። እኔ ባልኖርም አንቺ ትመጫለሽ። እና ሲወርድ ምን ትዪዋለሽ?»

ሚስጥር በመንገድ ሁሉ ስታጠናው የመጣችውን፣ ወደ ሰማዩ ቀና ብላ፣ ወገቧን ይዛ ጮኸችው።

«አያ! ምነው አመሸህ?»